ግቢ፣ ግባ፣ ይግቡ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው የቀበሌ ኪነት ተወዛዋዥ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ዛሬ እምቢ ቢልም ትከሻቸው ገና አልተኛም። ሊጠይቁኝ ኤድንብራ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። እኔ በሥራ ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኬይሊ በሚባለው የስኮትላንድ ጭፈራ ላይ ማይክ ይዤ፣ ጨፍረው ለማያውቁ ሠርገኞች ወዴት እንደሚሄዱ እነግራለሁ። ትናንት ከከተማው ወጣ ብሎ አሮጌ የእህል ጎተራ ውስጥ የተደገሰ ሠርግ ነበረብኝና ይዣቸው ሄድኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያጠራቀሙትን ዛሬ ጠዋት ቡናው ሲቆላ አወጡት።

ጋሼ፦ ሳትቀየሚኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት መጀመሪያ ላይ ስትለፈልፊ ቆየሽና፣ ጭፈራው ሞቅ ሲል ዝም አልሽ። ማይኩን ዘቅዝቀሽ ውሃሽን ትጠጫለሽ። ሰዉ ይዞራል፣ አንቺ ቆመሽ ታያለሽ። ገንዘብ የሚከፍሉሽ ለመናገር አይደለም እንዴ?

እኔ፦ የሚከፍሉኝ ዝም እንድል ነው፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ እንቆቅልሽ ልትይኝ ነው?

እኔ፦ ኧረ አይደለም። ዜማው አንዴ ዞሮ እስኪያልቅ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያንኑ ሰባት ስምንት ጊዜ ይደጋግሙታል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም እናገራለሁ። በሁለተኛው ግማሹን። በሦስተኛው "ሴቶች!"፣ "ወንዶች!" ብቻ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ዜማውን ይሰማል፤ የኔ ድምፅ መሀል ገብቶ ከመረበሽ በቀር የሚጨምረው የለም። ሰባተኛው ዙር ላይም እየጮህኩ ከሆነ ወይ የመረጥኩት ጭፈራ ከብዷቸዋል፣ ወይ የራሴ ድምፅ ጥሞኛል።

ጋሼ፦ ይህን የእኛ አገር የሠርግ መድረክ መሪዎች ቢሰሙልኝ! ለመሆኑ የሙያው ስም ምንድን ነው? እናትሽ በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ "ጭፈራ ትጠራለች" ብላት ግራ ገባት።

እኔ፦ እነሱ "ኮለር" ይሉታል፤ ጠሪ ማለት ነው።

ጋሼ፦ እኛ ሰፈር ጠሪ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። እሱ ከጠራ ደግሞ ጭፈራ የለም።

እኔ፦ እኔ ለራሴ የታክሲ ረዳት ነኝ ነው የምለው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሲሄዱ "ወራጅ አለ" የሚሉት የት ሲደርሱ ነው?

ጋሼ፦ ከመውረጃዬ ቀደም ብዬ ነዋ። ደጁ ላይ ደርሼ ብል ሹፌሩ አሳልፎ ቤተ መንግሥቱ ጋ ያወርደኛል።

እኔ፦ ሥራዬ በሙሉ እሱ ነው። እነዚህ ዜማዎች ብዙዎቹ ልካቸው አንድ ነው፤ ስድሳ አራት እርምጃ ናቸው፣ በስምንት በስምንት የሚከፈሉ። ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በስምንት እርምጃ ወደ ግራ እየዞሩ ነው እንበል። "ወደ ቀኝ" የምለው ስምንቱ ሲያልቅ ከሆነ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ትከሻ ይወልቃል። አምስተኛው ወይ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ማለት አለብኝ። ሰባት ስምንት ላይ ይሰሙታል፣ አንድ ሲል እግራቸው ይነሳል። ሁልጊዜ ከሰዎቹ ግማሽ እስትንፋስ ቀድሜ ነው የምኖረው። ሠርጉን አይቼው አላውቅም ብልዎት ይሻላል፤ የማየው ቀጥሎ የሚሆነውን ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ ጊዜ መጠበቁስ ገባኝ። እኔን ያልተዋጠልኝ ትእዛዙ ነው። ጭፈራ ከውስጥ ይፈነቅላል እንጂ "ወደ ግራ ዙር" ተብሎ ይጨፈራል? ወታደር ቤት መሰለኝ። ደግሞ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ሲቆሙልሽ ማኅሌት ትዝ አለኝ፤ የጎደሉት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ብቻ ናቸው።

እኔ፦ እስክስታ ቢሆን እውነትዎን ነው። እስክስታን በማይክ ማዘዝ አይቻልም። "ትከሻህን እንዲህ አድርገህ፣ ከዚያ አንገትህን" ብል ማን ይችለዋል? እሱ ከልጅነት ሲያዩት ኖረው ነው የሚገባው። እኔ የምጠራው መንገዱን ነው። ወዴት ትሄዳለህ፣ ማንን ትይዛለህ፣ መቼ ትለቃለህ። እርምጃው የገበያ እርምጃ ነው፤ መራመድ የሚችል ሰው ሁሉ ይችለዋል። በልምምድ ተገናኝተው የማያውቁ መቶ ሰዎች በሩብ ሰዓት ውስጥ አብረው የሚጨፍሩት ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ እሱስ ኪነት እያለን አሠልጣኛችን ጉራጌኛውን በፊሽካ ነበር የሚያስቆጥረን። ትግርኛውም ቢሆን ከበሮውን ከቦ መዞር ነው፤ መንገድ አለው።

እኔ፦ አዩ! እነዚያን መጥራት ይቻላል። ወሎን ግን ማን ይጠራዋል?

ጋሼ፦ ወሎን "እስክስ" ብለሽ ዞር ማለት ነው። የሚችል ይወርዳል፣ የማይችል ያጨበጭባል። (ስኒውን አስቀመጡና ትከሻቸውን አንዴ ብቻ ሰበቅ አደረጉት።) ታዲያ ይሄ መጥራት የምትይው የነዚህ የስኮትላንዶቹ የአባቶቻቸው ነው?

እኔ፦ ጭፈራው የነሱ ነው፤ መጥራቱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ጆን ፕሌይፎርድ የሚባል የለንደን አሳታሚ በፈረንጆቹ 1651 ከመቶ በላይ የእንግሊዝ ጭፈራዎችን ከነዜማቸው አሳትሟል። መጽሐፉ እያንዳንዱን ጭፈራ ይዘረዝራል፤ ጠሪ ግን የለም። ሰዉ የጭፈራ መምህር ቀጥሮ ያጠናል፣ አዳራሽ ሲገባ በቃሉ ይወጣዋል። ያልተማረው ዳር ቆሞ ያያል። መጥራት ሥር የያዘው አሜሪካ ነው፣ ያውም በጥቁሮች አፍ። በባርነት ዘመን የነጮቹ ጭፈራ ላይ ቫዮሊን የሚመቱት ብዙ ጊዜ ጥቁሮች ነበሩ። እነሱ ናቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየተጫወቱ ቀጣዩን ድምፅ አውጥተው መጥራት የጀመሩት። ፊል ጃሚሰን የሚባል፣ ራሱም ጠሪ የሆነ አሜሪካዊ፣ በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ጽፎታል።

ጋሼ፦ ባሪያው ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ወትፎ ጌታውን "ወደ ግራ" ይለው ነበር በይኛ!

እኔ፦ ጌታውም ይታዘዝ ነበር፤ ዜማው እስኪያልቅ። ያኔ ነው የጭፈራ መምህር መቅጠር ያልቻለ ሁሉ መጨፈር የቻለው። ይህን ያነበብኩት ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት መድረክ ላይ ስወጣ አንዳንዱ እንግዳ "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" በሚል ዓይን ሲያየኝ ድምፄ ይቀጥን ነበር። ካነበብኩት በኋላ አልቀጠነም።

ጋሼ፦ ደግ አደረግሽ። ግን ስኮትላንዶቹ ጭፈራውን አያውቁትም እንዴ? ትናንት አንዳንዶቹ ሳትነግሪያቸው ይሄዱ ነበር።

እኔ፦ እዚህ ልጆች በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ገና ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ይማሩታል። ጌይ ጎርደንስ የሚባለውን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት እርምጃ ወደፊት፣ ዞረው አራት እርምጃ ወደኋላ የሚሄዱትን፣ እግራቸው ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስ ያውቀዋል። ስለዚህ ስኮትላንድ ሠርግ ላይ ግማሹ እንግዳ ረዳቴ ነው፤ አንዳንድ ባንድማ ጠሪ ጭራሽ አያመጣም። እንግሊዝ ሲሆን ግን ማንም አያውቅም፤ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ለመጥራት የሚቀለኝ የትኛው ይመስልዎታል?

ጋሼ፦ የሚያውቁት ነዋ።

እኔ፦ የማያውቁት ናቸው! የሚያውቅ ሰው የተማረውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ትምህርት ቤት እያለ የተማረው ደግሞ ከጎኑ ካለው ጋር አይገጥምም። "አይ፣ እኛ ጋ እንዲህ አይደለም" ይጀምራል። ክርክር ጭፈራ መሀል! እዚህ በ1923 ግላስጎ ውስጥ የተቋቋመ የስኮትላንድ ጭፈራ ማኅበር አለ፤ እርምጃውን አጥርቶ፣ የእግር ጣት አስቀስሮ ያስተምራል። ለንደንም ካምደን ውስጥ በ1930 የተከፈተ ሰሲል ሻርፕ ሀውስ የሚባል የሕዝብ ዘፈንና ጭፈራ ቤት አለ። አከብራቸዋለሁ፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙው በጠፋ ነበር። ግን አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ ሠርግ ላይ አይቶኝ "ያስተማርሻቸው መራመድ እንጂ መጨፈር አይደለም" አለኝ። የሙሽራው አባት በስድሳ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨፍረው ላባቸውን ሲጠርጉ ከጀርባው ቆመው ነበር። ምንም አልመለስኩለትም።

ጋሼ፦ መመለስ ነበረብሽ። አንቺስ ተሳስተሽ አታውቂም?

እኔ፦ ኧረ ስንቴ! የመጀመሪያ ሠርጌን ልንገርዎት። ብዙ ጭፈራ አጥንቼ ስለነበር እውቀቴን ላሳይ ብዬ ረጅም ረድፍ የሚሠራ ጭፈራ መረጥኩ። እያንዳንዱ ጥንድ በየዙሩ አንድ ቦታ ይሸጋገራል፣ ጫፍ የደረሰው አንድ ዙር ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይመለሳል። ወረቀት ላይ እንደ ጥልፍ ያምራል። በሦስተኛው ዙር ከላይ ማን እንደሆነ፣ ከታች ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። የሙሽሪት አጎት ያለ ጓደኛ መሀል ላይ ብቻቸውን ቀሩ፤ እጃቸውን ዘርግተው የሚይዛቸው ይፈልጋሉ። እኔ "አዳምጡ! አዳምጡ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ባንዱ አቋረጠ። በልቤ "የማይሰሙ ሰካራሞች" አልኩ።

ጋሼ፦ ነበሩ እንዴ ሰካራም?

እኔ፦ ሠርግ ነው፤ ጠጥተዋል። ግን አኮርዲዮን ተጫዋቹ በስልኩ ቀድቶኝ ነበር፤ ዕረፍት ላይ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። አራት ደቂቃ ለሚጨፈር ጭፈራ አምስት ደቂቃ አስረድቻለሁ። "አሁን እዚህ ጋ ትንሽ ያስቸግራል" የሚለውን ሦስት ጊዜ ብያለሁ። ያስቸግራል ስላልኳቸው አስቸገራቸው! ምንም ሳይናገር ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማሪ ሲሳሳት መጀመሪያ የማየው ወደ ራሴ ነው። ወይ ቃሌ በዝቷል፣ ወይ ዘግይቷል፣ ወይ ጭፈራው ለዚያ ሰዓት አይሆንም።

ጋሼ፦ ትናንት ያዞርሽን ክቡ ቀላል ነበር። እኔን እንኳ አስነሳሽኝ።

እኔ፦ እሱ ሰርካሲያን ሰርክል ይባላል፤ ሠርግ ላይ ከሱ የሚበልጥብኝ የለም። ሲጀመር "ጓደኛ ያዙ" አልልም። "ጓደኛ ያዙ" ሲባል የተጣላው፣ የተፈታው፣ ብቻውን የመጣው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። "እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ አንድ ትልቅ ክብ" ነው የምለው። ክብ ውስጥ ጎዶሎ የለም። ጭፈራ ለመጀመር ደግሞ ማይክ አይበቃም፤ ሚዜዎቹን አስቀድሜ "ስጠራ እያንዳንዳችሁ አራት ሰው ጎትታችሁ ኑ" ብያቸዋለሁ። እርስዎን የጎተተችዎት ቀይ ቀሚስ የለበሰችዋ ሚዜ ትዝ አለችዎት?

ጋሼ፦ ክንዴ ዛሬም ያውቃታል።

እኔ፦ እንግዲህ ክቡ ተሠራ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሁሉም ወደ መሀል አራት እርምጃ፣ ወደኋላ አራት፤ ይደገማል። አሥራ ስድስት እርምጃ ሄደ፣ ማንም አልተሳሳተም፣ ሰዉ "እችላለሁ ማለት ነው" አለ። ትልቁ ሥራ እዚያ አለቀ። ቀጥሎ ሴቶች ብቻ ወደ መሀል ገብተው አጨብጭበው ይወጣሉ። ከዚያ ወንዶች ገብተው ያጨበጭባሉ፤ ሲወጡ ግን ዞረው በግራቸው ወደነበረችው ሌላ ሴት ይመጣሉ። እሷን ይዘው አሥራ ስድስት ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው ክቡን አሥራ ስድስት ይሄዳሉ፣ እንደገና ክብ። ስድሳ አራት ሞላ። በየዙሩ ሰው ይቀያየራል፤ በስምንት ዙር ከስምንት ሰው ጋር ተጨባብጧል። የሙሽራው ዘመድና የሙሽሪት ዘመድ ምሳ ላይ ያልተነጋገሩትን እዚያ ይጨርሱታል።

ጋሼ፦ ሽክርክሪቱ ላይ ነጭ ጠጉር ያላቸው ሴትዮ ደርሰውኝ ነበር። "ቀስ ይበሉ" ልላቸው ብዬ እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። ጣሪያው ከኔ ጋር ዞረ።

እኔ፦ አየሁዎት። የሙሽራው አያት ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ግን ሲሽከረከሩ ቀኝ እግርን መሀል ላይ እንደ ምሰሶ ተክሎ በግራው መግፋት እንደሆነ ያውቃሉ። እርስዎ እየዘለሉ ነበር የሚዞሩት። የማያውቅን ሰው ሳሽከረክር ክንድ ለክንድ ብቻ አቆላልፋለሁ፤ እጅ ለእጅ አጣምሮ ወደኋላ መደገፍ ያምራል፣ ግን አንዱ ከለቀቀ ሌላው ግድግዳው ጋ ነው። አምባርና ትልቅ ቀለበት ማስወለቅም አለ። የሙሽሪት ቀሚስ ጅራትማ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሚዜዋ በመርፌ ቁልፍ ካላያያዘችው በሁለተኛው ዙር አንዱ ቆሞበት ጭርር ይላል። ልብ ብለው ከሆነ ባንዱ ከመጀመሩ በፊት ማይክ ትቼ ሙሽሪት ጀርባ ተንበርክኬ ነበር።

ጋሼ፦ የጠፋ ነገር ትፈልጊያለሽ ብዬ ነበር። "ግራና ቀኝ" ስትይም አልሰማሁም፤ አንዴ "ወደ ባንዱ"፣ አንዴ "ወደ መጠጡ" ነበር የምትይው።

እኔ፦ ሰው ሲቸኩል ግራና ቀኙ ይጠፋዋል፤ መጠጡ ያለበት ግን አይጠፋውም። "ሴቶች" እና "ወንዶች" የሚለውም ሁሌ አይሠራም፤ ሁለት እህትማማቾች ወይ አባትና ልጅ ጥንድ ይሆናሉ። አሜሪካኖቹ አሁን ጥንዱን በወፍ ስም ይጠሩታል፤ በግራ የቆመው "ላርክ"፣ በቀኝ የቆመው "ሮቢን"። በእንግሊዝኛ የስማቸው መጀመሪያ ፊደል ከግራና ከቀኝ ጋር ይገጥማል። ለሚለማመድ ቡድን ሸጋ ነው። ሠርግ ላይ ግን ወፉን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይሄዳል፤ እኔ ለአንዱ ረድፍ ሪባን አስራለሁና "ባለ ሪባን!" እላለሁ።

ጋሼ፦ መጨረሻ ላይ ያ ረጅሙ፣ ሁሉም እየተወረወረ የሚወርድበት?

እኔ፦ ስትሪፕ ዘ ዊሎ፤ የኦርክኒ ደሴቶች ዓይነቱ። አዳራሹን ሙሉ ሁለት ረድፍ፤ ከላይ ያለው ጥንድ ይሽከረከራል፣ ከዚያ አንደኛዋ የማዶውን ረድፍ አንድ በአንድ እያዞረች፣ በየመሀሉ ከጓደኛዋ ጋር እየዞረች ትወርዳለች። እነሱ ሳይጨርሱ ቀጣዩ ጥንድ ይነሳል። እሱን ለመጥራት አልሞክርም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥንዶች ካስነሳሁ ራሱ ይወርዳል። ግን ማምሻ ላይ ነው፤ ቀድሜ ባደርገው ምሳቸውን ያወጡታል።

ጋሼ፦ በይ አሁን ወደ ለንደኑ ሠርግ እንምጣ። አዲስ አበባ ድረስ ተወርቷል። "ልጅህ ማይክ ይዛ ሽማግሌ አዘዘች" ነው ያሉኝ። አሮጊቷን እማማን "ግቢ" ብለሻል ወይስ አላልሽም?

እኔ፦ ብያለሁ። ግን ከሥሩ ይስሙኝ። ሙሽሪት የኛ ልጅ ናት፣ ለንደን ተወልዳ ያደገች፤ ሙሽራው እንግሊዛዊ። እንግዳው ግማሽ በግማሽ። የኛዎቹ ወጣቶች እስክስታውን ከእናቶቻቸው ስልክ ላይ ነው የሚያውቁት፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ትከሻ አላቸውም አይባል። ሙሽሪት "ሁሉም አብሮ የሚጨፍረው አንድ ነገር ፈልጊልኝ" አለችኝ። ሰርካሲያን ሰርክልን በማሲንቆና በከበሮ ብሞክረውስ አልኩ። የእነሱ ጂግ የሚባለው ዜማ በስድስት የሚቆጠር ነው፣ በሁለት የሚረገጥ። ችክችካችንም በስድስት ይቆጠራል። እግር ላይ ይገጥማል፤ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሞክሬዋለሁ።

ጋሼ፦ ገጠመልሽ ታዲያ?

እኔ፦ እግሩ ገጠመ፣ ቋንቋው አስቸገረኝ። በስምንት እርምጃ ውስጥ በሁለት ቋንቋ መጥራት አይደረስም። በእንግሊዝኛ ብዬ ወደ አማርኛ ስዞር ሰዓቱ አልፏል። ደግሞ የኛ ቋንቋ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። "በግራችሁ በኩል ወዳለችው ሴት ዞራችሁ እጃችሁን ሰጥታችሁ" እያልኩ ስሄድ ሰዉ ዓይኔን እያየ ይጠብቀኛል፤ ምን እንዲያደርግ እንደምፈልግ የሚያውቀው እኔ አፌን ስዘጋ ነው። "ወራጅ አለ" ማለት ሲገባኝ የመንገዱን ታሪክ እተርካለሁ።

ጋሼ፦ አማርኛ ተቸኩሎ አይሆንም።

እኔ፦ ይሆናል! በዋዜማው ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። በእንግሊዝኛ "ግባ" ማለት ለሁሉም አንድ ነው፤ ለማን እንደሆነ ሌላ ቃል መጨመር አለብዎት። በአማርኛ ግን "ግቢ" ካልኩ ሴት ናት፣ "ግባ" ካልኩ ወንድ ነው። አንድ ቃል! ማን እንደሆነም፣ ምን እንደሚያደርግም፣ ወዴት እንደሆነም በሁለት ፊደል ተናግሯል። ጠሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከደስታዬ ብዛት መብራት አብርቼ ጻፍኩት። ሠርጉ ላይ እንግሊዞቹን "ግቢ ሴት ናት፣ ግባ ወንድ ነው" ብቻ አልኳቸው። በሦስተኛው ዙር ያለ ስህተት ይገቡና ይወጡ ነበር።

ጋሼ፦ እማማስ?

እኔ፦ እሱን ነው ያልቆጠርኩት። እማማ ክቡ ውስጥ እንዳሉ አላየሁም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን፣ በሌላው የሙሽራውን ወንድም ይዘው ቆመዋል። "ግቢ!" ስል ሴቶቹ ሁሉ ገቡ፤ እሳቸው አልተነቃነቁም። ቀና ብለው መድረኩን አዩና፣ ማሲንቆው ቀዝቀዝ ያለበት ሰዓት ስለነበር አዳራሹ ሙሉ ሰማቸው፤ "ማንን ነው ግቢ የምትይው፣ ልጄ?" አሉ።

ጋሼ፦ እሰይ እማማ!

እኔ፦ ደሜ እግሬ ድረስ ወረደ። ሴቶቹ መሀል ሆነው ያጨበጭባሉ፣ መውጫቸው ደርሷል፣ ወንዶቹ መግቢያቸውን ይጠብቃሉ። "ይግቡ" ልበል? እሱን ስል ደግሞ ሁሉም የሚገባ ይመስለዋል፤ ክቡ ይፈርሳል። ማይኩን ወደ ታች አወረድኩ። ያኔ እማማ የሁለቱንም እጅ ለቀቁና መግባት ጀመሩ። በራሳቸው እርምጃ። አራት የተባለው አሥር ሆነ፣ አሥራ ሁለት ሆነ። አኮርዲዮን ቢሆን ዜማው ልኩን ጠብቆ አልፏቸው ይሄድ ነበር። ማሲንቆ መቺው ግን ዓይኑን ከሳቸው ላይ አልነቀለም፤ ያቺኑ ስንኝ እያዞረ፣ እያስረዘመ፣ ከበሮውም ሥር ሥሩን እየተከተለ፣ እሳቸው መሀል እስኪደርሱ አቆያት። ደርሰው አንዴ አጨበጨቡ። ከዚያ ነው የለቀቃት። እንግሊዞቹ ጭፈራው እንዲያ ይመስላቸዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ሁሉም ቆመው እማማን ጠበቁ።

ጋሼ፦ አንቺስ ያን ጊዜ ምን ብለሽ ጠራሽ?

እኔ፦ ምንም። አስቀድሜ መጥራት የማልችለው ነገር ነበር።

ጋሼ፦ (ሦስተኛውን ስኒ ተቀበሉኝ፤ ጠጥተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።) ቢሆንም "ይግቡ" ማለት ነበረብሽ።